በሁለተኛ ማርሽ

አርባ ዓመት ነድቶ ጡረታ ሲወጣ
ያቺኑ ኤንትሬ በጨረታ ገዝቶ ይዟት መጣ፤
ጎማዋ ያለቀ፣ ወንበሯ የላላ፣
በሯ ላይ የድርጅቱ ስም በዝገት የተበላ።
ከፍራንኮ ጀርባ፣ ጋሽ መሐመድኑር ጋራዥ፣ ሦስት ወር አቆማት፣
ሽንኩርት የለመደ ጎኗን ቀድዶ መስኮት አወጣላት።
አልጋ ሠራ፣ መደርደሪያ፣ መጋረጃ በሽቦ፣
ከኋላዋ በርሜል ውሃ በገመድ ሸብቦ፣
አንዲት ቡታጋዝ፣ ሁለት ድስት፣ ሦስት ብርጭቆ።
«ሦስተኛው ለማን ነው?» አልኩት።
«ለመንገድ» አለኝ ስቆ።

የሰፈሩ ወሬ እንደ ጭድ ነደደ፦
«ቤት ያለው ሰው፣ ቤት ጭኖ ለምን ተሰደደ?»
ያ ባጃጅ ነጂ እንኳ፣ ያ ምላሱ ስለት፣
«ጋሽ ቱፋ፣ ኪራዩ ስንት ነው?» ይለዋል ጠዋት ጠዋት።

እኔ ዝም አልኩ።
ሰሜንን የማውቀው በሱ አፍ ነበር፦
ደሴ ላይ ብርድ፣ ወልድያ ላይ ኬላ፣ ግራካሱ ላይ ፍሬን፤
ማይጨው ላይ ጎማ ፈነዳ፣ እግዜር አተረፈን።
ይኸው ነው አገሩ።
አንድ ቀን፣ ገና ሙሽራ ሳለሁ፣
«ሐይቁስ? ከደሴ ወዲያ ያለው፣ ምን ይመስላል?» አልኩት።
«የትኛው ሐይቅ?» አለኝ።
ስንት መቶ ጊዜ በዳሩ አልፎ
አንዴ እንኳ ዞር ብሎ አላየም፤
ቲማቲም ጭኖ ነበራ።
ቲማቲም አይጠብቅም።

እኔ ግን ጠብቄያለሁ።
ሌሊት ከአንሶላ ስር፣ ይህ አይሱዙ ነው፣ ይህ መርቸዲስ፣
ይህ የሱ አይደለም እያልኩ፣
የአንዲትን ሞተር ሳል ከመቶ መርጬ
ሁለት ልጅ አሳደግሁ፣ ጆሮዬን በር ላይ አስቀምጬ።

የኅዳር ሰኞ ተነሣን። የአዳማ ነፋስ
ላስቲኩንም አቧራውንም ሽቅብ ይነዳል።
በረዳቱ ወንበር ላይ፣ በዕድሜዬ የመጀመሪያ ቀን፣
ነጠላዬን ታጥቄ ተቀመጥኩ።
ሁለተኛ ማርሽ። ሦስተኛ አላስገባም።
«ምነው?» ስለው፣ «ማን ይጠብቀናል?» አለ።
አሰብኩ። ማንም።
ባጃጁ አለፈን፣ ጋሪው አለፈን፣
ገለባ የጫነች አንዲት አህያ ጎን ለጎን ሄዳ ሄዳ ቀደመችን።
ቱፋ እጁን በመስኮት አውጥቶ ሰላም ይላል ላገኘው፣
አርባ ዓመት በክላክስ አስደንግጦ ላለፈው ሰው።

ከከተማው ጫፍ፣ ከኮረብታው ላይ፣
ከነዚያ ነጫጭ ባለ ሦስት ክንፍ ምሰሶዎች ግርጌ፣
ሞተር አጠፋ። «ደረስን።»
«የት?»
«መጀመሪያው ማደሪያ።»
ሰባት ኪሎ ሜትር!
ሳቅሁ፣ ሳል እስኪይዘኝ ሳቅሁ፤
የስንቁ ዳቦ እንኳ ገና አልቀዘቀዘም።

ክንፎቹ ሌሊቱን ሙሉ አየሩን ያጭዳሉ።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እንደ ልማዱ፣ ብድግ አለና
ጫማውን በጨለማ ይዳብስ ጀመር፤
«ረፈደ! ጭነቱ!»
«ጭነቱ እኔ ነኝ፣ ተኛ» አልኩት።
«አልበላሽም።»

አልተኛም። መጋረጃውን ገለጥን።
አዳማ ከታች፣ እንደ ተበተነ ጤፍ ሳይሆን፣ እንደ ፍም፣
እዚህ ደብዘዝ፣ እዚያ ቦግ፤
ከዚያ ሁሉ መብራት አንዷን መረጥኩ፣
የበረንዳችንን፣ ሳላጠፋ የመጣሁትን።
«እንመለስና እናጥፋት?» አለኝ።
የቆጣሪው ነገር ትንሽ ከነከነኝ።
«ትብራ» አልኩ። «እስቲ ደግሞ እሷ ትጠብቅ።»

ሲነጋ የኮረብታው ዘበኛ አያኖ
ዱላውን ይዞ መጣ፣ ጎማውን በእግሩ ነካ፦
«ምን ጫናችሁ?»
«አሮጊት» አለ ቱፋ።
«ወዴት?»
«ሰሜን።»
«መቼ ልትደርሱ?»
ባሌ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም ስኳር ፍለጋ ዞርኩ።
ሦስተኛውን ብርጭቆ አጥቤ ሻይ ቀዳሁለት።
እሱ ይጨርስና እንሄዳለን።
ሲጠጣ አይቸኩልም እሱም።